ላዩ የደረቀ ቁስል

በእኛ አገር ለቁስል የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ማድረቂያ። ካፕሱሉም ማድረቂያ ነው፣ መርፌውም ማድረቂያ ነው፣ ሐኪሞች አንቲባዮቲክ የሚሉት ሁሉ በእኛ አፍ ማድረቂያ ነው። እኔ ቄስ ነኝ፤ ቃል ስፈታና ሳስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህችን አንዲት ቃል ግን ሳልመረምራት ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ይህን የምጽፈው በእሷ ሰበብ የሆነውን እንድታውቁት ነው። እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የሚታዘንላት ሌላ ናት።

የማገለግለው ከኩታበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ነው። ሕመሙ የጀመረኝ በግራ ብሽሽቴ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት ሆኖ ነው። ስተኛ ይገባል፣ ለቅዳሴ ስቆም ይወጣል። ቡአ መሆኑን ልቤ ያውቃል። ነገር ግን ቄስ ሰው ብሽሽቱን ለማን ያሳያል? ለባለቤቴ ለደብሬ እንኳ ዓመት ሙሉ አልነገርኳትም። ሲያመኝ «ጨጓራዬ ተነሣ» እላታለሁ፤ እሷም ተልባ ትወቅጥልኛለች።

ጤና ጣቢያም ሄጄ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ የጨጓራ ሽሮፕ ሰጡኝ። ደሴ በአንድ ክሊኒክ «ወገቤንም ይወጋኛል» ብል ኩላሊት ነው ተባልኩ። በሌላው ደሜን አይተው ታይፎይድ አሉኝና መርፌ ተወጋሁ። በማናቸውም አልፈርድም። የሚያመኝ አንድ ቦታ፣ የማሳየው ሌላ ቦታ፤ ምን ያድርጉ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ የንስሐ ልጆቼን ስመክር የኖርኩት እኔው ነኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እብጠቱ አልገባም አለ። እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ያስመልሰኝም ጀመር። ያን ጊዜ ለደብሬ ተናገርኩ። እሷም «ይሄን ሁሉ ጊዜ ተልባ ስታስወቅጠኝ!» ብላ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ አለቀሰች። በሰው ትከሻ መንገድ ድረስ ወጥቼ በሚኒባስ ደሴ ገባሁ።

የተቀበለኝ ሐኪም ልጄን የሚያህል ነው። ገልጦ አየና «መምሬ፣ ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለኝ።

«ከእኔ ጋር» አልኩት።

ሳቀ። እኔንም በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሳቅ ሞከረኝ። በእጁ አባብሎ እብጠቱን መለሰውና በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡኝ። ወገቤ ላይ ወግተው ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ፤ ዓይኔ ግን ያያል፣ ጆሮዬ ይሰማል። ቢላዋው ሳይነሣ አንዲት ነርስ በክንዴ ደም ሥር አንድ ነገር ለቀቀች። ወዲያው ሐኪሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የመከላከያው ተሰጥቷል?» ሲል ጠየቀ። «ተሰጥቷል» አለች። እኔ የማደንዘዣውን ወሬ መስሎኝ ጸሎቴን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤትዎ ይሂዱ አሉኝ። የሰጡኝን ወረቀት ገልብጬ አየሁት፤ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ማድረቂያው የታለ?» አልኩት ሐኪሙን።

«መምሬ፣ እሱን ወስደዋል እኮ።»

«መቼ?»

«ቢላዋው ሳይነካዎት በደም ሥርዎ ገብቷል። ጀርም የሚገባው ገላ ሲከፈት ነው። ዘበኛ የሚቆመው ሌባው ሳይገባ ነው እንጂ ከገባ በኋላ ነው? የእርስዎ ቁስል ንጹሕ ነው፤ ከዚህ ወዲያ መድኃኒት ቢደራረብ ጥቅም የለውም፣ ጉዳት ግን አለው። የእርስዎ ሥራ አለመንካት ነው። ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካተኮሰዎት ቶሎ ይምጡ።»

ይህን ሁሉ ሲናገር እኔ የሰማሁት «ወስደዋል» የምትለዋን ብቻ ነው። ደግሞም አላመንኩትም። አጠገቤ የተኛውን ሰው በቀን ሦስቴ ማድረቂያ ሲወጉት አይቻለሁ። እሱ አጥንቱ ወጥቶ፣ አፈር ገብቶበት የመጣ መሆኑን አላሰብኩም። ለእሱ ሰጥተው ለገጠር ቄስ ነፈጉ ብዬ ተቀይሜ ወጣሁ።

የቸኮልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የደብራችን ዓመታዊ ንግሥ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን ሳልቀድስ የቀረሁበት ጊዜ የለም። ደም ወይም መግል የሚወጣው ካህን ግን መቅደስ አይገባም፤ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቁስሌ እንዲድን አልነበረም የምፈልገው፤ እንዲደርቅ ነበር። ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

«ደሴና ኩታበር ብርድ ነው፤ ቁስል በብርድ አይደርቅም» ብዬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ልጄ እናኑ እዚያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ብሽሽቴን በሁለት እጄ ደግፌ ወረድኩት። ሙቀቱ ያደርቅልኛል ያልኩት ሰውዬ፣ እናኑ ቆርቆሮ ሥር በላብ ተነክሬ ዋልኩ። ፋሻው ረጠበ። አትንካው የተባልኩትን ፋሻ በአራተኛው ቀን ፈታሁት።

«እናኑ፣ ማድረቂያ ግዢልኝ።»

«አባባ፣ ሐኪሙ አያስፈልግዎትም አላሉም እንዴ?»

«ሐኪሙ ቅዳሴ አይገባም፤ የምገባው እኔ ነኝ።»

ሄዳ ገዛችልኝ። ከአንድ መድኃኒት ቤት፣ ያለ ሐኪም ወረቀት፣ ቀይና ቢጫ ካፕሱል። ግማሹን እየዋጥኩ ግማሹን እየከፈትኩ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩት። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም፤ ልጅ ሲገረዝም፣ ማጭድ እጅ ሲቆርጥም ሲደረግ ያየሁት ነው። የምውጠውንም በሥርዓቱ አልዋጥኩም፤ ባስታወስኩ ቀን ሦስቱን በአንድ ጉርሻ፣ በረሳሁ ቀን ምንም። በጥቂት ቀን ላዩ ቅርፊት አበጀና ደረቀ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ክሩን ያወጣችልኝ የጤና ጣቢያ ነርስ ዙሪያውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። «አባ፣ ላዩ ደርቋል፤ ሥሩ ግን ጠጥሯል፣ ይሞቃልም። ደሴ ተመልሰው ይታዩ» አለችኝ። «ደርቋል» የምትለዋን ይዤ ወጣሁ፤ የቀረውን እዚያው ትቼላት።

አሁን ወደምፈራው ቦታ ደረስኩ።

ዘነቡ የንስሐ ልጄ ናት። እኔ የነፍስ አባቷ ነኝ፤ ከአራጋው ጋር በተክሊል ያጋባኋትም እኔ ነኝ። እኔ ኮምቦልቻ ሳለሁ ደሴ በቀዶ ጥገና የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ ተገላግላ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ከኮምቦልቻ ስመለስ እንደ ደንቡ ቤቷን ጸበል ልረጭ ሄድኩ። ረጭቼ፣ ጸሎት አድርሼ ልወጣ ስል፣ አራጋው ለጎረቤት መቀመጫ ሊያመጣ ደጅ ወጣ። ያን ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራችኝ።

«አባቴ፣ የተሰፋሁበት ይረጥብብኛል። ሽታም አለው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሳትውዪ ሳታድሪ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂጂ አለችኝ።»

«አራስ ገላሽን ይዘሽ በዚህ ብርድ የት ትሄጃለሽ?» አልኳት። ከኪሴ የተረፉኝን ስድስት ካፕሱሎች አወጣሁ። «እኔን ያደረቀኝ ይሄ ነው። እየከፈትሽ ነስንሺበት። ካልሆነልሽ ከንግሡ በኋላ ትሄጃለሽ።»

«እርስዎ ካሉ» አለች። በሁለት እጇ ተቀብላኝ መስቀሌን ተሳለመች።

ከዚያ ወዲህ በሕይወት አላየኋትም።

የንግሡ ዕለት ሲነጋ ያተኩሰኝ ነበር። የሽርጉድ ድካም ነው አልኩ። ለቅዳሴ የሚገባ ካህን ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አይቀምስምና ያችንም የሕመም ማስታገሻ ክኒን ተውኳት። ልብሰ ተክህኖዬን ለብሼ መቅደስ ገባሁ። ቅዳሴው ተጋምሶ፣ ሰግጄ ቀና ስል ብሽሽቴ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ትኩስ ነገር በጭኔ ወረደ። ሽታው ከዕጣኑ በላይ ሲወጣ የተሰማው መጀመሪያ ለእኔ ነው፤ ቀጥሎ አብሮኝ የሚቀድሰው ቄስ ወደ እኔ ዞር አለ። ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ሄደ። እኔም አየሁት። ሠላሳ ዓመት ጫማዬን አውልቄ፣ ተጠንቅቄ የቆምኩበት ምንጣፍ ላይ መግሌ ወርዷል።

ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ውጭ ሕዝቡ እልል ይላል። እዚያ ላይ ብሞት ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ብዬ መጻፌ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ።

ደሴ ያው ሐኪም ተቀበለኝ። ቅርፊቱን ሲከፍተው የወጣውን አልነግራችሁም፤ ነርሷ መስኮት ከፈተች። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በተሻለ። «ዱቄቱ ክዳን ሆነበት» አለኝ። «መግሉ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ሄደ።» ላዩ በስሎ ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ ታውቃላችሁ? ቁስሌ እንደዚያ ነበር። ከመግሉ ወስደው ላቦራቶሪ ውስጥ ጀርሙን አሳድገው መረመሩት። ያ የኔ ካፕሱል ምንም አያደርገውም፤ ለምዶታል። ሌሎችም ሁለት መድኃኒቶች አልበገሩትም። የሚሠራውን መርፌ እናኑ ከፒያሳ ጀምራ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞራ አገኘችው።

ቁስሉ ተከፍቶ እንዲቆይ ተደረገ። በየጠዋቱ የትናንቱን ጨርቅ ያወጣሉ፣ ያጥባሉ፣ አዲስ ይሞላሉ። የቁስል ማጠቢያውን ጋሪ ጎማ ድምፅ በኮሪደሩ ስሰማ ላብ ያጠምቀኛል። ተራዬ እስኪደርስ የሌላውን ሰው ጩኸት እየሰማሁ እጠብቃለሁ። ደብሬና እናኑ አልጋዬ ሥር ተጣሉ። «አንቺ ነሽ ገዝተሽ ያበላሽው» ትላለች እናት። «አባባ አዘዙኝ፤ እምቢ ልበላቸው?» ትላለች ልጅ። እናኑ እኔን ለማስታመም ስትመላለስ ከሥራዋ ልትባረር ደርሳለች። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

በዚያ ሁሉ መካከል የጠገነኝ የአልጋ ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ የመጣ ገበሬ፣ እሱም ሆዱን ተሰፍቶ የተኛ። ጋሪው ወደ እኔ ሲዞር «አብሽሩ መምሬ፣ አብሽሩ፤ አላህ ያውቃል» እያለ እጁን ዘርግቶ እጄን ይይዘኛል። ሚስቱ የኔን ፎጣ ከባሏ ፎጣ ጋር አጥባ ታሰጣ ነበር። ሲወጣ ሐኪሙ «ማድረቂያ አያስፈልግህም» ቢለው «መምሬን አይቼ? ወላሂ ቢሰጡኝም አልቀበል!» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ያን ቀን ገና አልሰማሁም ነበር።

በማግስቱ ደብሬ ከአገር ቤት መጣች። ምሳዬን አጉርሳኝ እስክጨርስ ጠበቀች። ቀና ብዬ ሳያት ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ዘነቡ» አለችኝ። «ትኩሳት ጠናባትና ቦሩ ሜዳ ወሰዷት። በሁለተኛው ቀን አረፈች። አንተ ካልዳንክ አይነገረው ብለው ነበር፤ ከቀበርናት ሰነበተ።»

የሄደችበትን ቀን ጠይቄያት በጣቴ ቆጠርኩ። ካፕሱሉን ከሰጠኋት ቀን ሆስፒታል እስከ ደረሰችበት ቀን ስድስት ቀን ነው። ደብሬ ስለ ካፕሱሉ አታውቅም፤ ማንም አያውቅም። የማለቅሰው ለንስሐ ልጄ መስሏት አብራኝ አለቀሰች።

ሐኪሙን ስም ሳልጠራ ጠየቅሁት። «አንዲት አራስ፣ የተሰፋችበት የሸተተ፣ ስድስት ቀን ባትዘገይ ትድን ነበር?» «መምሬ፣ ያላየሁትን አላውቅም» አለ። «ግን በዚህ ነገር አንድ ቀንም ብዙ ነው።» ወረቀቱን ይዞ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። የገባው ይመስለኛል።

ቁስሌ ከሥሩ ወደ ላይ፣ ቀስ እያለ ሞላ። ወደ ቤቴ ስመለስ የደብሩ አለቃ «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ። የዘነቡ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ደርሷል፤ እርስዎ አጥምቀው ወደ አገልግሎትዎ ይመለሱ» አለኝ። መንደሩ ሁሉ ይህን ይጠብቃል። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ልቤ ቋመጠ። ዝም ካልኩ ነገሩ ሁሉ ከዘነቡ ጋር ተቀብሯል። ተመልሼ መቅደስ እገባለሁ።

ክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀረው አራጋው ሕፃኗን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ተቀምጦ ከነጠላው ጫፍ ትንሽ ቋጠሮ ፈታ። ሁለት ካፕሱል፤ ቀይና ቢጫ።

«አባቴ፣ ልጅቱን ጆሮዋን ይፈሳታል» አለኝ። «ለእናቷ የሰጧት ማድረቂያ ተርፎ ነበር። የእርስዎ እጅ ያረፈበት ነው ብዬ አልጣልኩትም። ከፍቼ ጠብ ላድርግላት?»

ሕፃኗ ተኝታለች። በጉንጯ ላይ ከጆሮዋ የወረደ ነገር ደርቋል።

ነገርኩት። አንዲትም አላስቀረሁም፤ ዘነቡ ምን እንዳለችኝ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ወዴት ሂጂ እንዳለቻት፣ እኔ ምን ብዬ እንዳስቀረኋት። «እርስዎ ካሉ» ማለቷንም ነገርኩት። አራጋው አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ካፕሱሎቹን መልሶ ቋጠራቸው። «እኔ መቀመጫ ላመጣ በወጣሁበት?» አለ።

«አዎ።»

ተነሣና ልጁን አቅፎ ወደ መንገዱ ሄደ። ደብሬ ሁሉንም ከጓዳ ሰምታለች፤ ጋቢዬን አቀበለችኝ። ቦሩ ሜዳ በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ እሱ ከፊት። አንድም ጊዜ አልዞረም። ሆስፒታሉ ደጅ እሱ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ላይ ሆነን ተራችንን ጠበቅን። ጆሮዋን አይተው፣ አጥርተው፣ በልኳ የታዘዘ መድኃኒት ሰጧት። ድናለች።

ሕፃኗን ያጠመቃት ሌላ ካህን ነው። እኔ የራሴን ንስሐ አባት አግኝቼ የታዘዘልኝን ቀኖና እፈጽማለሁ፤ እስኪያልቅ ከመቅደስ ውጭ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ሕዝቡን የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ተሰፍታችሁ ስትመጡ የታዘዘላችሁን በሰዓቱ ውሰዱ፣ ያልታዘዘላችሁን አትለምኑ፣ ከሰው የተረፈ አትቀበሉ፣ ቁስል ላይ ዱቄት አትነስንሱ። የረጠበ፣ የቀላ፣ የሸተተ ካለ አራስም ብትሆን ጋቢ ደርባ በዚያው ቀን ትሂድ። ቄስ ቆዪ ቢላትም ትሂድ።

ባለፈው እሑድ ይህን ተናግሬ ስጨርስ አራጋው ከሰዉ ኋላ ቆሞ አየሁት። ልጅቱ ትከሻው ላይ ናት። ሰዉ ሲበተን ቀስ ብሎ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

«መምሬ፣ ቁስልዎ ደረቀ?» አለኝ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ አባቴ ነበር የሚለኝ።

«ላዩ ደርቋል» አልኩት።